ጕድጓድን ስለ ከፈተ ሰው

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ጕድጓድ ከፍቶ ሳይከድን ስለ ተወ ሰው የተሠራ ሕግ አለ። የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፥ ባለጕድጓዱ ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። ሕጉ መቈፈርን አልከለከለም፤ ከፍቶ መተውን ግን በደል አድርጎ ቈጠረው። እኛም ከዚህ ተነሥተን እንጠይቃለን፦ ከምድር ሆድ የሚጠቅመውን ያወጣ ሰው፥ ስለ ተወው ቍስል እስከ ምን ድረስ ባለዕዳ ነው?

ጥያቄው ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። በኢሉባቦር፥ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፥ ሁሩሙና ያዩ ይገኛሉ። በዚያ ቡና ማንም ሳይተክለው በደን ጥላ ሥር ይበቅላል። ስለዚህም የሁሩሙን ወረዳ ጨምሮ 167,021 ሄክታር የሚሆነው ምድር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያው በያዩ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰሉን አውጥቶ ማዳበሪያ ለመሥራት የታሰበው ፋብሪካ ሥራው ተጀምሮ ሳይፈጸም ተቋረጠ፤ ስለ እርሱም ከቡና መሬታቸው የተነሡ ሰዎች አሉ። ሥራ ይቋረጣል፤ ዕዳ ግን አብሮት አይቋረጥም።

ማዕድን ማውጣት ኀጢአት ነው የምንል አይደለንም። ገበሬው ማዳበሪያ፥ ፋብሪካውም እሳት ይሻል። ነገር ግን በብዙ ሥፍራ ከከሰል ጋር ድኝ ያዘለ አለት አብሮ ይወጣል። ይህ አለት አየርና ዝናም ሲያገኘው አሲድ ይወልዳል፤ አሲዱም ብረትን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ያን ጊዜ ውሃው ዝገት ይመስላል፤ ዓሣውም ያልቃል። በያዩ ደን የሚያልፈው የገባ ወንዝ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይባላል፤ ባሮም ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። እንግዲህ በጕድጓዱ የሚጎዳው ባለበሬ፥ ጕድጓዱን ከቶ ያላየ፥ ከታች ውሃ የሚቀዳ ሰው ሊሆን ይችላል።

ዕዳው የሚከፈልበትም መንገድ የታወቀ ነው። አስቀድሞ፥ ገና ሳይቈፈር፥ የላዩ ለም አፈር ተገፍፎ ለብቻው ይቀመጣል። ድኝ ያዘለው አለት ከውሃ ርቆ በሸክላ አፈር ይዳፈናል፤ ኖራም ይጨመርበታል። ከዚያ ለሙ አፈር ይመለሳል፤ ሣር አፈሩን ይይዛል፤ ዋንዛና ብሳና ጥላ ይሆናሉ፤ በጥላቸው የሚያርፉ ወፎችም የሌላውን ዛፍ ዘር ያመጣሉ። ባሕር ዛፍ ብቻ ተክሎ ምድሩን አረንጓዴ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለምና። ቁጥሩ 678/2002 የሆነው የማዕድን ሥራዎች አዋጅም ባለፈቃዱ ለአካባቢው ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል። ይህ ገንዘብ ከትርፍ የሚቈረስ ምጽዋት አይደለም፤ ሳይከፈል ትርፍ ሊባል የሚችል ነገር የለም።

አንዳንድ ሰው ግን፦ መመለስ ከተቻለ ሁሉንም እንቈፍር ይላል። ይህ፥ ኋላ ንስሐ እገባለሁ ብሎ አስቀድሞ እንደሚበድል ሰው ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ስለ ሠራው በደል ነው እንጂ፥ ሊሠራው ስላሰበው አይደለም። ደግሞም የማይመለስ አለ። በያዩ ደን ውስጥ ያለው የዱር ቡና ዘር በብዙ ዘመን የተከማቸ ነው፤ ከጠፋ በኋላ በችግኝ ጣቢያ አይፈጠርም። ስለዚህ መመለስ የሚቻለውን የሚቈፍር ሰው ይመልስ፤ የማይመለሰውን ግን አይንካ።

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ ይህ ነገር ለመንግሥት ሹማምንት ብቻ የቀረ አይደለም። ከማዕድን የከበረ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ፥ ከማመስገናችን አስቀድመን ጕድጓድህ ተከድኗልን? ልንለው ይገባል። ጥያቄው ስጦታውን ቢያስቀርብን እንኳ መጠየቅ ይሻለናል። ምእመናንም ከወንዝ ዳር አሸዋ ስታወጡ፥ ከኰረብታም ድንጋይ ስትፈልጡ፥ ያንኑ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። የተበደለው ወንዝ ወደ ዳኛ ሄዶ አይከስምና፥ ገና ያልተወለደውም ልጅ እንዲሁ፤ ስለ እነርሱ መናገር በእኛ ላይ ተጥሏል።