ሲስተም ሲቋረጥ አማና አይቋረጥም



ምስጋና ሁሉን ተመልካች፣ ሁሉን ዐዋቂ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም ከነቢይነታቸው በፊት እንኳ በመካ ሰዎች ዘንድ «አል-አሚን»፣ ማለትም ታማኙ፣ እየተባሉ ይጠሩ በነበሩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አንባብያን፣

በዘመናችን ከተሜው ሳይሰማው ብዙ ቀን የማያልፍ አንድ አነጋገር አለ። «ሲስተም የለም» ይባላል። ባንክ ቤት፣ መብራት ክፍያ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ትኬት መቁረጫ፣ በሄድንበት ሁሉ እንሰማዋለን። ሁለት ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን የሰውን ቀን ገደል ይከታሉ።

እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አንድ ማለዳ በአንድ ባንክ ደጃፍ ተሰልፈን ነበር። ከፊቴ ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት እናት ቆመዋል። ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው ገንዘብ ልካላቸዋል። የሂሳብ ቁጥሩ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋታል። ተራቸው ሲደርስ ሠራተኛዋ አንገቷን ደፍታ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ» አለቻቸው። ከሰዓትም ተመለሱ። ሲስተሙ ግን አልተመለሰም። «ልጄ ልካልኛለች እኮ፣ ገንዘቡ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ጥያቄያቸው የመሃይም ጥያቄ አይደለም። ዱሮ ገንዘብ በካዝና፣ ሂሳብ በመዝገብ ነበር። ዛሬ በአንድ ቅርንጫፍ የተቀመጠ ሂሳብ በዚያ ቅርንጫፍ መሳቢያ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ቅርንጫፍ የሚጠይቀው አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር አለ። መስመሩ ሲበጠስ ወይም ማዕከሉ ሲታወክ ካዝናው ሙሉ ሆኖ ሳለ አንዲት ብር መውጣት አትችልም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ዕለቱ ጁምዓ ነበር፣ ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት ለደንበኞቹ ስህተት ያለበት ማሻሻያ ላከ። ማይክሮሶፍት እንዳስታወቀው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ተዘጉ። በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ታወኩ። በሕንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለመንገደኞች የመሳፈሪያ ወረቀት በእስክሪፕቶ እየተጻፈ ተሰጠ። ከዚህ ሁሉ ስልጣኔ በኋላ ሰውን ያዳነው ብዕርና ወረቀት ሆነ! የሰው ልጅ በሠራው ነገር ቢመካም ደካማ ፍጡር መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ይፈለጋል?

እንግዲህ እስከ አሁን ያነሳነው ማሽኑ የራሳችንን ገንዘብ ሲከለክለን ስለሚደርሰው ነው። የዚህ ፈተናው ትዕግሥት ነው። ከዚህ የከበደ ሌላ ፈተና አለ፤ ማሽኑ የእኛ ያልሆነውን ሲሰጠን!

ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ የሆነውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ምክንያት ችግር ገጠመው። ሰዎች በሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣትና ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ማዛወር ቻሉ። ወሬው በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ተዛመተ። በሌሊት በየግቢው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነገሩን ደርሶበት አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ 490 ሺህ ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴ ተካሂዶ ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ኋላ በሰጡት መግለጫ ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ ከዚህም ሦስት አራተኛ ያህሉ መመለሱን ገለጹ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ደጃፍ ተለጠፈ።

ወንድሞችና እህቶች! የዚያችን ሌሊት ቀን ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ረመዳንና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ነበር የጀመሩት። ስለዚህ ያች ሌሊት ከረመዳን ስድስተኛዋ ነበረች። አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል። ከወሰዱት መካከል የየትኛው እምነት ተከታይ ምን ያህል እንደነበር መቁጠር የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ራሳችንን መጠየቅ ነው።

ጾመኛ ሰው ቀን ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ውኃው በአጠገቡ ሳለ፣ ለምን አይጠጣም? ካሜራ የለም፤ ምስክር የለም፤ ቢጠጣ የሚያውቅበት ሰው የለም። አይጠጣም፣ አላህ ያየዋልና። ታዲያ ቀን ከሐላል ውኃ የታቀበ እጅ፣ ማታ ካፈጠረ በኋላ ወደ ሐራም ገንዘብ ከተዘረጋ፣ ጾሙ ምን አስተማረው? ቀን ያይ የነበረው ጌታ ማታ ዓይኑን ጨፈነ ወይ? አዑዙ ቢላህ!

በዚያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ ብዙ ምክንያት ሰምተናል። አንዱ «ማሽኑ ነው የሰጠኝ፣ እኔ አልሰረቅኩም» ይላል። ጎረቤትህ በስህተት የአንተን በር ከፍቶ ከረጢቱን ቢያስቀምጥ ከረጢቱ ያንተ ይሆናልን? ስህተት የባለቤትነት መብት አያስተላልፍም። ሌላው «የመንግሥት ገንዘብ ነው» ይላል። በባንኩ ውስጥ ያለው የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የጡረተኛው፣ የየቲሙ፣ ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸው የዚያች እናት ገንዘብ ጭምር ነው። የሕዝብ ሀብት የወሰደ ሰው ከአንድ ባለሐቅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚሊዮኖች ጋር ነው የሚካሰሰው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከራሳችን ሰዎች አፍ የሚወጣ በመሆኑ ይበልጥ ያሳዝናል። «ባንኩ በወለድ የሚሠራ ነው፤ ከእሱ ቢወሰድ ምን አለበት?» ይባላል። ወለድ ሐራም መሆኑን ማንም ሙስሊም አይክድም። ዛሬ በአገራችን ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ዓመታት ስላለፉ አማራጭም አለ። ነገር ግን ሐራም በሐራም አይታጠብም።

ለዚህ ከሲራ የበለጠ መልስ የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ የነበረውን ሁኔታ አስቡ። ቁረይሾች ሊገድሏቸው ዶልተው ቤታቸውን ከበው ነበር። የሙስሊሞችን ንብረት ቀምተዋል፤ ከቤታቸው አፈናቅለዋል። ሆኖም እነዚያው ጠላቶች ውድ ንብረታቸውን በአደራ የሚያስቀምጡት በእሳቸው ዘንድ ነበር። «ጠላት ናቸው፣ እነሱም የእኛን ወስደዋል» ብሎ ያን ሁሉ ይዞ መሄድ ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ.) በሕይወታቸው አደጋ እያለ በመካ አስቀሯቸው፤ ዐሊይም አደራውን ለየባለቤቱ ካስረከቡ በኋላ ወደ መዲና ተከተሉ። ለሊገድላቸው ለመጣ ሙሽሪክ አማናውን የመለሱ ነቢይ ተከታዮች ሆነን፣ በባንክ ስህተት የመጣ ብር «ሪዝቅ ነው» ብለን ልንበላ እንዴት ይቻለናል?

«ያለፈ አለፈ፣ አሁን ምን ላድርግ?» የሚል ካለ መንገዱ አልተዘጋም። ዑለማዎች እንደሚያስተምሩን የተውበት መስፈርቶች ጥፋቱን ማቆም፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ናቸው። የሰው ሐቅ ሲሆን ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። «ለሚስኪን ሰደቃ ብሰጠውስ?» የሚል አለ። ባለቤቱ ታውቆ እያለ በሰው ገንዘብ ሰደቃ የለም። ወደ ባለቤቱ ይመለስ። በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በቀጠሮ ቀስ በቀስ ይመለስ። በባንክ ደጃፍ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ይቀደዳል፤ በአኺራ የሚገለጠው መዝገብ ግን አይቀደድም።

አሁን ወደነዚያ እናት ልመልሳችሁ። ባንኩ ሲዘጋ የመጨረሻዋ መኪና ልትወጣ ተቃርባለች። በእጃቸው የመሳፈሪያ እንኳ አልነበረም። ከባንኩ ማዶ ያለ ባለሱቅ ጠርቷቸው ዘይትና ስኳር ሰፍሮ፣ የመሳፈሪያም ብር ጨምሮ፣ ከዱቤ ደብተሩ ላይ ስማቸውንና መጠኑን ጻፈ። ከዚያ ያንኑ በሌላ ወረቀት ገልብጦ ሰጣቸው። «እናቴ፣ እኔ ብሞት ልጆቼ አብዝተው እንዳይጠይቁዎት ይህን ይያዙት» አላቸው። እሳቸውም ወረቀቷን እዚያችው ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥረው «አላህ ኸይርህን ያብዛው ልጄ» ብለው ሄዱ።

ይህ ባለሱቅ ምናልባት ሳያውቀው ሁለት ትልልቅ ትምህርቶችን በአንድ ጊዜ ፈጸመ። አንደኛው መጻፍ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ ስለ ሰላት ወይም ስለ ሐጅ አይደለም የሚናገረው። ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። ሁለተኛው ማግራራት ነው። ሰዎችን እያበደረ ለተቸገረው ጊዜ ይሰጥና ያልፈው የነበረ አንድ ነጋዴ በዚያ ሥራው የአላህን ምሕረት እንዳገኘ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል።

ይህ ለአካባቢያችን ሙስሊሞች አዲስ አይደለም። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። የዚያን ዘመን መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር። ባሕርና ደጋን ያገናኘ ያ ንግድ ያለ ስልክና ያለ ኮምፒውተር የቆመው የሰው ቃል ስለታመነ ነው። አበውስ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይሉ የለ!

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጋዴው ሲስተም በጠፋ ቀን የሚያውቀውን ደንበኛ ባዶ እጁን አይመልስ፤ ይጻፍና ይስጥ። ተበዳሪውም ሲስተም በተመለሰ ሰዓት ዕዳውን ለመክፈል ይሽቀዳደም፤ ከፋይ ሲዘገይ ነው ደግ ሰው የሚጠፋው። ደመወዝ ከፋዩ ሲስተምን ምክንያት አድርጎ የሠራተኛውን ላብ አያዘግይ። የቢሮ ሠራተኛው ምሳ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ሲስተሙ እየሠራ፣ «ሲስተም የለም» ብሎ ባለጉዳይ የሚመልስ ከሆነ ውሸትና የሰው ሐቅ በአንድ ቃል እንደተሸከመ ይወቅ። የየመስጂዱ ኮሚቴዎችም የየቲሞችንና የዘካ ተቀባዮችን ዝርዝር በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን በወረቀት ይያዙ። ሁላችንም ያለብንንና ያለንን ጽፈን ለቤተሰብ እናሳውቅ፤ ሞት ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ባንኮቻችን የገንዘብ መዝገባችንን «ሂሳብ» ይሉታል። እኛም የቂያማን ቀን «የውመል ሒሳብ» እንለዋለን። ስሙ አንድ ነው። በመጀመሪያው ስህተት ይገባበታል፤ ያልተቀመጠ ይወጣል፣ የተቀመጠ ይከለከላል። በሁለተኛው ግን የአተም ቅንጣት ያህል መልካምም ሆነ ክፉ አትጠፋም። በትከሻዎቻችን ላይ ያሉት ክቡራን ጸሐፊዎች ሲስተም የለም ብለው አያውቁም።

ያ ረብ! ሰው ሲያየንም ሳያየንም አንተን የምንፈራ አድርገን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊትህ ከመቆም ጠብቀን። የወሰድነውን የምንመልስበትን ወኔ ስጠን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።