ሃምሳውን ቀን ስንቆጥር



ዘሌዋውያን 23ን እንይ። እስራኤላውያን የመከሩን በኵራት ነዶ ለካህኑ ያመጣሉ። ከዚያች ቀን ጀምረው ሰባት ሳምንት ይቆጥሩና በ50ኛው ቀን ከአዲሱ ስንዴ እንጀራ ያቀርባሉ። ነዶው ክርስቶስ ነው፤ ከሙታን በኵራት ሆኖ ተነሥቷል (1ኛ ቆሮ. 15፥20)። አንዱ ነዶ ከቀረበ የቀረው መከር መከተሉ አይቀርም። በ50ኛው ቀንም መንፈስ ቅዱስ ወረደ፤ ከየአገሩ የመጡት በየቋንቋቸው ሰሙ፤ 3,000 ያህል ነፍስ ተጨመረ (ሐዋ. 2)።

እኛም እዚህ ቀን እንቆጥራለን። የራሽን ቀን፣ የኢንተርቪው ቀን። አንዳንዱ ቆጠራ እኮ ማለቂያው አይታወቅም! ታዲያ ልብ በሉ፦ እግዚአብሔር የበዓሉን ሥርዓት እንደጨረሰ ወዲያው በቁጥር 22 ስለ መጻተኛው ይናገራል። የማሳው ዳር ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል። ሩት በባዕድ አገር የቃረመችው በዚሁ የገብስና የስንዴ መከር ነበር (ሩት 2፥23)። ክርስቶስም በሥጋ ከእርስዋ ዘር መጣ።

እኛ ማሳ የለንም፤ ድርሻችን ግን ዳር አለው። በዚህ ሳምንት የራሽን ካርድ ገና ላልወጣለት አዲስ ገቢ ጎረቤታችን አንድ ጣሳ ዱቄት እናስቀርለት።

ጌታ ይባርካችሁ።