ከቃርሚያው እርሻ እስከ ሠርጉ ቤት፦ የትዳር ጓደኛቸው ስለ ሞተባቸው ምእመናን ጋብቻ



የልደትና የጥምቀት በዓላት አልፈው ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን ስናከብር በየከተሞቻችን የሠርግ ዳስ መጣል ይጀምራል። ጌታችን የተአምራቱን መጀመሪያ ያደረገው በአንዲት ትንሽ የገሊላ መንደር፣ ስማቸው እንኳ ባልተጻፈ ሙሽሮች ቤት መሆኑን በዚያ ዕለት ሰምተን ደስ ይለናል፤ ከቅዳሴም በኋላ በተጠራንበት ሠርግ ቤት ተገኝተን እንባርካለን፣ ከማዕዱም እንቋደሳለን። በዚያ ቤት ከዳሱ ጀርባ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ የምናውቃት አንዲት ሴት አለች። ጭሱ ዓይንዋን እያስለቀሳት ወጥ ታማስላለች፤ ጠላውን የጠመቀችውም እርስዋ ናት። ባልዋ ከሞተ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የጎረቤቱን ሁሉ ልጅ ስትድር ኖራለች፤ እርስዋን ማን ይድራት ብሎ ያሰበ ግን የለም። ነገሩን የሚያነሣ ቢገኝ እንኳ ለቀልድ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ እርስዋም አብራ ትስቃለች።

ስለዚህች ሴትና እንደ እርስዋ ስላሉት፣ እንዲሁም ሚስቱን ቀብሮ ልጆቹን ብቻውን ስለሚያሳድገው ወንድ በዚህ እትም ልንናገር ወደድን። ያነሣሣንም በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ የተጻፈው የጌታችን የትውልድ ሐረግ ነው። በዚያ ረጅም የአባቶች ዝርዝር ውስጥ ከተጠቀሱት ጥቂት ሴቶች አንዲቱ ሩት ናት፤ ከሞዓብ የመጣች እንግዳ፣ ባልዋ የሞተባት፣ ልጅዋንም በሁለተኛ ጋብቻዋ የወለደች ሴት። ከዚያ ጋብቻ ኢዮቤድ ተወለደ፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ዳዊትን ወለደ። ስለዚህ የልደትን በዓል የምናከብርበት የቤተ ልሔም ታሪክ አንድ ሥሩ ያረፈው በሁለተኛ ጋብቻ ላይ ነው።

መጽሐፈ ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በአንድ ምሽት ይነበባል። የምትችሉ ሁሉ በቤታችሁ አንብቡት። ታሪኩ በመሳፍንት ዘመን በቤተ ልሔም በወደቀው ረሃብ ይጀምራል። በግዕዝ ሥርዓት የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ቤተ ልሔም እንለዋለን፤ ትርጓሜውም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በዚያ በእንጀራ ቤት እንጀራ ጠፋ። አቤሜሌክ ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሰደደ፤ በዚያም ሞተ። ልጆቹ መሐሎንና ኬሌዎን የሞዓብን ሴቶች አገቡ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረውም እነርሱም ሞቱ። በአንድ ቤት ሦስት መበለቶች ቀሩ። ኑኃሚን ወደ አገርዋ ስትመለስ ዖርፋ አልቅሳ ተሰናበተቻት፤ ሩት ግን አልለይሽም ብላ ተከተለቻት። የከተማዪቱም ሴቶች ኑኃሚንን ባዩ ጊዜ ይህች እርስዋ ናትን ተባባሉ። እርስዋም ስሜ ከእንግዲህ ማራ ይሁን፣ መራራ ኑሮ ገጥሞኛልና አለቻቸው።

የገቡት የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ወራት ነበር። በሙሴ ሕግ መሠረት አጫጅ የእርሻውን ዳር ዳር አያጭድም፣ የወደቀውንም ቃርሚያ አይለቅምም፤ ለድሀው፣ ለመጻተኛውና ለመበለቲቱ ይተውለታል። ሩት ለመቃረም ወጣች፤ የደረሰችበትም እርሻ የቦዔዝ ሆኖ ተገኘ። ቦዔዝ ከከተማ መጥቶ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ካላቸው በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀው ስለዚያች ሴት ነው። ማንነቷን ሲነግሩት፣ ለአማትዋ ያደረገችውን ሁሉ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ከሴቶች ሠራተኞቹ ጋር እንድትሆን፣ ከተቀዳውም ውኃ እንድትጠጣ ነገራት፤ ጎልማሶቹንም እንዳይነኳት አዘዘ። በምሳ ሰዓት ወደ ማዕዱ ጠራት፤ እንጀራዋን በሆምጣጤ አጠቀሰች፣ ቆሎም ሰጣት፤ በልታ ጠገበች፣ ተረፋትም። የተረፋትን ቋጥራ ለአማትዋ ይዛላት ገባች። ከምሳ በኋላ ደግሞ ቦዔዝ ከነዶው እያወቃችሁ ጣሉላት፣ አትገሥጹአትም ብሎ ለሠራተኞቹ ነገረ። በዚያ ቀን የቃረመችው ሲወቃ አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ፤ ሊቃውንት ወደ 22 ሊትር ይገምቱታል። ለአንድ ቀን ቃርሚያ ብዙ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ፍቅሩን በቃል አልተናገረም። ነዶ አስጣለላት እንጂ። ሰጪው ማን እንደ ሆነ ለይታ አንገትዋን እንዳትደፋ፣ በላቧ ያገኘችው እንዲመስላት አደረገ። በየቁምስናችን ለችግረኞች እርዳታ የምናድል ሰዎች ስም ዝርዝር እየጠራንና ፎቶግራፍ እያነሣን የምንሰጥበትን ልማድ ከዚህ ጋር ብናስተያየው ጥቂት ሳናፍር አንቀርም። ይህን ግን ለሌላ ቀን እንተወው።

የገብሱ አጨዳ አለቀ፣ የስንዴውም አለቀ፤ ቦዔዝ አሁንም ዝም አለ። ስለ ምን ዝም አለ? መጽሐፉ በግልጥ አይነግረንም፤ በኋላ ሩትን ጎልማሶችን ባለመከተልሽ እያለ ሲያመሰግናት ስንሰማው ግን ዕድሜው አሳፍሮት እንደ ነበረ እንገምታለን። ሩትም እንግዳ ናት፤ ያውም ከሞዓብ፣ በሕጉ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ከተከለከለ ሕዝብ። ሁለቱም የሰው አፍ የሚፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። ዝምታውን የሰበረችው ኑኃሚን ናት፤ የሟቹ እናት! የልጅዋን መበለት ታጠቢ፣ ተቀቢ፣ ልብስሽን ልበሺ፣ ወደ አውድማው ውረጂ ያለቻት እርስዋ ናት። የምታርፍበትን ቤት ልፈልግልሽ ስትል አስቀድማ ነግራታለች። በእኛ ዘንድ ስንት አማት ልጄን ረሳሽው እያለች ምራትዋን ጥቁር እንደ ለበሰች አስቀርታለች! ኑኃሚን ከእርስዋ ይልቅ ለልጅዋ ሐዘን ቅርብ የሆነ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሐዘንዋን የሌላዪቱ ሰንሰለት አላደረገችውም።

የአውድማውን ሌሊት አንዳንድ አንባብያን እያፈሩ ያልፉታል። ማፈር አያስፈልግም። ሩት መጐናጸፊያህን ዘርጋብኝ ስትል ጋብቻን ጠየቀች፤ ቦዔዝም ስምዋን ጠበቀላት፤ ሰው ሰውን ሳይለይ ማለዳ፣ ስድስት መስፈሪያ ገብስ አሸክሞ ላካት። ከእርሱ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ ስለ ነበረ ነገሩን በስውር ለመጨረስ አልፈለገም። በከተማዪቱ በር ተቀመጠ፣ ዐሥር ሽማግሎችም አስቀመጠ፣ ዘመዱንም ጠራ። ዘመዱ በመጀመሪያ መሬቱን ለመቤዠት ፈቃደኛ ነበር፤ ሩትንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ግን ርስቴ ይበላሽብኛል ብሎ ጫማውን አውልቆ መብቱን ለቀቀ።

እንግዲህ ሁለተኛ ጋብቻን በየመንደሩ የሚያሰናክለውን ነገር መጽሐፉ እንዲህ በስሙ ጠራው፤ ርስት ነው። በእኛም ዘንድ ልጆች እናታችን ብታገባ የአባታችን ቤት ለባዕድ ይሆናል ብለው ይፈራሉ፤ የሟች ወንድሞችም እንዲሁ። ፍርሃታቸው ሁልጊዜ ክፋት ነው አንልም። መልሱ ግን ጋብቻውን መከልከል ሳይሆን ቦዔዝ እንዳደረገው ነገሩን በአደባባይ መጨረስ ነው። ከሠርጉ በፊት የሟች ድርሻ ተለይቶ ለልጆቹ ይጻፍ፤ ሽማግሎች ይፈርሙበት፤ በሕግ ፊት የሚጸና እንዲሆንም ሕግ ዐዋቂ ይጠየቅ። ይህን ያደረጉ ቤተ ሰቦች በኋላ በፍርድ ቤት ደጅ ሲንከራተቱ ብዙም አላየንም።

ቦዔዝ በዚያ አደባባይ የተናገረው ሌላም ነገር አለ። ሩትን የማገባት የሟቹን ስም በርስቱ ላይ እንዳቆም ነው አለ። ሁለተኛው ባል የመጀመሪያውን ስም አላጠፋም። ስለዚህ የሟቹ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ይውረድ ወይስ ይሰቀል እያላችሁ የምትከራከሩ አዲስ ባለ ትዳሮች፣ የእኛ አሳብ ባለበት ይሰቀል ነው። በሙት ዓመቱም ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለት፤ አዲሱ ባልም አብሮ ይቁም።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ከምእመናን ለሚነሡላችሁ ጥያቄዎች የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በአጭሩ እናስታውሳችኋለን። የጋብቻ ማሠሪያ የሚፈታው በሞት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 እና በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባልዋ የሞተባት ሴት የወደደችውን ለማግባት ነጻ እንደ ሆነች፣ ነገር ግን በጌታ ይሁን ብሎ አስተምሯል። ሳታገባ ብትኖር ይሻላታል ብሎ መምከሩም እውነት ነው፤ ሕይወታቸውን ለጸሎትና ለአገልግሎት የሰጡ መበለቶቻችንን የምናከብረው ስለዚህ ነው። ምክር ግን ትእዛዝ አይደለም፤ ራሱ ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ወጣት መበለቶች እንዲያገቡ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በስምንተኛው ቀኖና፣ ንጹሓን ነን ይሉ የነበሩት የኖቫትያኖስ ተከታዮች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሁለተኛ ካገቡት ጋር በአንድነት እንደሚኖሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አዘዙ። ሁለተኛ ያገባውን የናቀ ሰው ካህን ቢሆን እንኳ ፈርሞ ካልሆነ አይገባም ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስም ስለ መበለትነት በጻፈው መጽሐፍ መበለትነትን እያመሰገነ ሁለተኛውን ጋብቻ ግን አልኮነነም።

የትዳር ጓደኛቸው በሕይወት ሳለ የተለያዩት ነገር ሌላ ነው፤ ከዚህ ጋር አይደባለቅ። የፊተኛው ጋብቻ ጸንቶ እንደ ሆነ የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለላቲንም ለምሥራቃውያንም አብያተ ክርስቲያናት ባወጡት ደንብ ምርመራው እንዲያጥር አድርገዋል። እነዚህን ምእመናን ወደ ቆሞሱ ምሩአቸው እንጂ በራሳችሁ አትፍረዱባቸው። መበለቶችንም በተመለከተ የሞት ማስረጃ አስቀድሞ መቅረብ እንዳለበት፣ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሴቲቱ ዳግመኛ ለማግባት በመሠረቱ 180 ቀን መጠበቅ እንዳለባት፣ ሕጉ የሚያወጣቸው ሁኔታዎች እንዳሉም ንገሩአቸው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ያነበብነውን መካድ ይሆንብናል። በመግቢያችን ያነሣናት ሴት በአንድ ወቅት ወደ እኛ መጥታ ነበር። ልጆችዋ ገና ትንንሾች ነበሩ፤ ደግ፣ ቆራቢ፣ እርሱም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጠይቋት ነበር። አባ፣ ምን ይሻለኛል ስትለን፣ ልጄ፣ አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ፣ ሰው ምን ይልሻል ብለን መለስናት። ይህ የቤተ ክርስቲያን ቃል አልነበረም፤ የእኛ ፍርሃት ነበር። እርስዋ ግን የቤተ ክርስቲያን ቃል መስሏት ታዘዘች። ሰውየው ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ አንዲቱም ወደ ዐረብ አገር ተሻገረች፤ እናቲቱ ብቻዋን ቀረች። ስንጠይቃት አልተቀየመችንም። ምናልባት ብትቀየመን ይቀለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መልስ ከመስጠታችን በፊት መጽሐፈ ሩትን አብረን እናነባለን። ባለፈው ዓመት ሚስቱ የሞተችበት አንድ አናጢና በጉልት ሽንኩርትና ድንች እየሸጠች ልጆችዋን ያሳደገች መበለት እንዲሁ መጡ። የእርሱ የበኩር ልጅ ወራት ሙሉ አኩርፎ ነበር። የሴቲቱ የቀድሞ አማት ናቸው ልጁን ቤታቸው ጠርተው ቡና አፍልተው ያነጋገሩት፤ ምን እንዳሉት አልነገሩንም። የልጆቹ ድርሻ በሽማግሎች ፊት ተጻፈ። የጋብቻቸውም ማስታወቂያ በሦስት እሑዶች ተነበበ፤ በመጀመሪያው እሑድ ከኋላ ረድፍ የሳቁ ነበሩ፣ በሦስተኛው ግን አልተሰማም።

ቃና ዘገሊላ ባለፈ በሳምንቱ ተጋቡ። ዳሱ ትንሽ ነበር፤ ኬክም አልነበረም። አማትየው ከሙሽራዪቱ እናት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ቃል ኪዳኑን ፈጽመው ወደ ዳሱ ሲገቡ የመጀመሪያው እልልታ የተሰማው ከጓሮ ነው። ዞር ብለን ብናይ ያቺ እኛ የመለስናት ሴት ማማሰያዋን እንደ ያዘች በዳሱ በር ቆማለች። ሦስት ጊዜ እልል ካለች በኋላ ወጡ እንዳያርባት ብላ ወደ ምድጃው ተመለሰች።