ስለ ዝምተኛ ሕመም
በቤቱ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ማታ ስትቦርቅ ያያትን ጧት ሣሯን ትታ በጥግ ተኰራምታ ቢያገኛት «ድንገት ታመመች» ይላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ድንገተኛው የባለቤቷ ማወቅ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ጥንቸል አውሬ የሚያሳድዳት ፍጥረት ናትና ድካሟን ትሰውራለች፤ መብል ስትተው አንጀቷ ሥራውን እያቆመ ይሄዳል፥ በጠጧም ያንሳል፥ በ24 ሰዓት ውስጥም ለሞት ልትቀርብ ትችላለች።

እንግዲህ ጥያቄው ለትንሽ እንስሳ ማዘን ይገባልን? የሚል ሳይሆን፥ ትጋት የሌለው ሐዘን ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። ሕመሙን የማይናገር ፍጥረት ያስጠጋ ሰው ጩኸት ሊጠብቅ አይገባውም፤ ዕለት ዕለት ሣሯንና በጠጧን ይመልከት፥ ስትታመምም ከማልቀስ አስቀድሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ይፍጠን። ይህን አድርጎ ብትሞትበት እንባው ንጹሕ ነው፤ ሳያደርግ ቢያለቅስ ግን እንባው ለራሱ እንጂ ለእርሷ አይደለም።