የማን ፊርማ?

ለመሆኑ ወላጅ በልጁ ሕይወት ዕጣ ሊጥል ይችላል? ሰሞኑን ዶርም ውስጥ ያነታረከን ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፓሪስ፣ ኔከር ሆስፒታል፣ እነ ፕሮፌሰር አላን ፊሸር በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ወንዶች ሕፃናት የጎደላቸውን ጂን በቫይረስ አሳፍረው በገዛ መቅኒያቸው ሴል ውስጥ ከተቱላቸው። ሠራ! ከታጠሩበት ክፍል ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ግና ከተሳካላቸው 9 ልጆች አራቱን ከ2002 ወዲህ የደም ካንሰር ያዛቸው፤ ቫይረሱ የማይሆን ቦታ ገብቶ ኖሯል። አንዱ ሞተ።

«ሳይጠየቅ ማገዱት» ያልን ነበርን። እሺ፣ ተስማሚ መቅኒ የሚሰጥ ወንድም እኅት የሌለውን ሕፃን ዝም ብሎ መተውስ? ያም እኮ ሳይጠየቅ የተፈረደበት ነው። በወላጆቹ ላይ አንፈርድም። የሚከነክነን ሌላ ነው። ቫይረሱ ከዚያ ወዲያ ተሻሻለ፤ በ2014 የወጣው የአዲሱ ሙከራ ውጤት ካንሰር አላሳየም። ያ እውቀት የተገኘው በአራቱ ሕመም ነው። እናት ስትፈርም ግን ያሰበችው የራሷን ልጅ መዳን ብቻ ነበር።