አሮጌው ሞተርና የታማኝነት ጥያቄ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተሠሩት የሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ዘይታቸውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠቀሙ ነበሩ። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ የሚሽከረከረው ክፍል እየገረፈ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳና ወደ ኩሽኔታዎቹ ይረጨዋል፤ በመጨረሻም ከፊሉ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉም ተንጠባጥቦ በመንገድ ላይ ይቀራል። ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስ ጠብታ የለም። ቀደም ባሉት ሞተሮች ነጂው ራሱ እየገመተ በእጅ ፓምፕ ዘይት ይሰጥ ነበር። ኋላ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ቢተካም ብክነቱ አልቀረም። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ ዘይቱን እያዞረ የሚጠቀም ሞተር ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።

ከዚያ ዘመን በፊት የተሠሩትን ሞተሮች ዛሬም የሚነዱ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የዘይቱን ሥርዓት ይለውጡታል። ለዚህም አንደኛው ወገኑ ዘይት የሚልክ፣ ሁለተኛው ወገኑ ስቦ የሚመልስ ፓምፕ ይገጥማሉ። የሚመልሰው ክፍል ከሚልከው የበለጠ ዐቅም ሊኖረው ይገባል፤ ተመላሹ ዘይት ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ስለሚሆን፣ መላሹ ከደከመ የሞተሩ ሆድ በዘይት ይጥለቀለቃል። መመለሻ ቱቦም ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም የጥንቱን ቀፎ መብሳት ግድ ይሆናል። የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አሮጌውን ሞተር አዳነው ወይስ ከዳው?

ለቅርሱ የሚቆረቆሩት ወገኖች፣ ሞተሩ የዘመኑ ምስክር ነው፣ ጉድለቱም የምስክርነቱ ክፍል ነው ይላሉ። ነጂዎቹ በበኩላቸው፣ መኪናው የተሠራው ለመንገድ ስለሆነ በመስታወት ውስጥ ደርቆ የቆመ ሞተር ግማሽ ሕይወቱን አጥቷል፤ በመንገድ ላይ የሚፈሰው ዘይትም «ከራስ በላይ ነፋስ» እንደማለት ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ነውና ሲሉ ይመልሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ለቅርጹ፣ ሁለተኛዎቹ ለተግባሩ ታማኞች ናቸው።

ይሁን እንጂ ለውጡ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። በአሮጌው ሥርዓት ሞተሩ ሁልጊዜ አዲስ ዘይት ያገኛል፤ ከራሱ እድፍ ጋር ዳግመኛ አይገናኝም። ዘይቱ መዞር ሲጀምር ግን ጥላሸቱንና የብረቱን ብናኝ ተሸክሞ ይመለሳል። በመሆኑም ማጣራትና በጊዜው መለወጥ የባለቤቱ አዲስ ግዴታ ይሆናል። ማሻሻል ከኃላፊነት መገላገል አይደለም፤ ቀድሞ በመንገድ ላይ ይጣል የነበረውን ሸክም በራስ ትከሻ ማድረግ ነው።

ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው? ስለ ጥንታዊ ሐውልቶችና ሕንፃዎች ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለዚህ የሚረዳ ሐሳብ ይዟል፤ የሚተካው ክፍል ከነባሩ ጋር የሚስማማ፣ ነገር ግን ከእርሱ ተለይቶ የሚታወቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥገናው ታሪካዊውን ማስረጃ ያዛባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በነባሮቹ ብሎኖች የሚታሰር ፓምፕ ገጥሞ የቀድሞውን ፓምፕ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ፣ የለወጠውንም ሁሉ ጽፎ የሚያኖር ባለሙያ ከሃዲ ሊባል አይገባውም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ከፈለገ ሞተሩን ወደ ጥንቱ ሊመልሰው ይችላልና። ሊመለስ የማይችለውን ቀፎ ሳያመነታ በስቶ፣ ቀዳዳውን ሸፍኖ፣ «እጅ ያልነካው» ብሎ የሚሸጠው ግን ያጎደለው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ የገዢውንና የመጪውን ትውልድ እውነት ጭምር ነው።

የደበዘዘ ሥዕል የሚያድስ ሠዓሊም ሆነ የጥንት ዜማ ለአዲስ መሣሪያ የሚያዘጋጅ ሙዚቀኛ በዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማል። ከእርሱ የሚጠበቀው እጁን መሰብሰብ አይደለም፤ የነካውን ለይቶ ማሳወቅና ለተከታዩ የመመለሻ መንገድ መተው ነው።