የጎተራው ፈትል

በአንድ ወንዝ ዳር ባለ መንደር የጋራ ጎተራ ነበረ። በሬ የሞተበት፣ ጌታው ያሰናበተው፣ እጁ ሥራ የፈታ ሁሉ ሌላ እስኪያገኝ ድረስ በየሳምንቱ አንድ ቁና እህል ይሰፈርለታል። ግዴታው አንድ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ጎተራው ደጃፍ ቀርቦ፣ በሳምንቱ የማንን በር አንኳኩቶ ሥራ እንደጠየቀ መናገር። ጠባቂው የሰማውን ሁሉ በፈትል ላይ ይቋጥራል። ማታ ፈትሎቹ ተጠቅልለው በታንኳ ወንዙን ይሻገራሉ። ማዶ ዳኛ አለ። መጪው ቁና ይሰፈር ወይስ ይቅር የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ መንደሩን ግን ረግጦት አያውቅም።

በሬዎቻቸው በአንድ ክረምት ያለቁባቸው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ቀዬ ዞረው ሥራ ጠየቁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ካበጠ ሰንብቷል። ቅዳሜ ቀረቡ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ ጠባቂው። ልጅ እግር ነው።

«ተመስገን፣ ደህና።»

ጠባቂው ለ«ደህና» አንድ ቋጠሮ ቋጠረ።

«ሳምንቱን የት የት ደረሱ?»

«ያው መዞር ነው ልጄ። የት ያልደረስኩበት አለ!»

«እነማን ጋ?»

«ኧረ ስንቱን ልንገርህ።»

«ምን አሉዎት ታዲያ?»

«እሱ ያውቃል እንላለን።»

ጠባቂው ፈትሉን በጣቶቹ መሃል እያንከባለለ ጥቂት ጠበቀ። ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። ሌላ የሚቋጥረው ቢያጣ «በሚቀጥለው ሳምንት ዳገቱ ላይ ያሉትን መንደሮች ይሞክሩ» አላቸው። «እሺ» አሉ ሽማግሌው።

ከእሳቸው ኋላ የነበረችው ፈታይ የጠየቀችው ሦስት በር ብቻ ነው። ግን ከመቀነቷ የራሷን ፈትል አወጣች። «ማክሰኞ ሸማኔው ዘንድ ሄድኩ፤ ከፋሲካ በኋላ ነይ አለኝ። ሐሙስ ጠላ ጠማቂዋ ዘንድ፤ ሰው አለኝ አለች። ዓርብ ወፍጮ ቤት፤ ገና አልመለሱልኝም።» ጠባቂው እየሰማ ቋጠረ፤ ጊዜም አልፈጀበት።

በሳምንቱ ለፈታይዋ ተሰፈረላት። ለሽማግሌው ቀረ።

«አንተ እኮ አይተኸኛል!» አሉ ጠባቂውን፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «አቧራ ለብሼ ስመለስ በዚሁ ደጅ ነው ያለፍኩት!»

«አይቻለሁ ጋሼ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «ዳኛው ያየው ግን ፈትሉን ነው።»

ማታ ፈታይዋ ቤታቸው ሄዳ አንድ ልቃቂት ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። «ራሴን በራሴ ላወድስ?» አሉ ተቆጥተው። «ጋሼ፣ እህል ሲሰፍሩልዎት ይቆጥሩ የለ?» አለች። «ይህንንም ይቁጠሩት።» እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብለው ቋጠሩ። አሥራ አንዱ አለቀና ሽማግሌው ትንሽ አሰብ አድርገው ከጋቢያቸው ጥለት ቀይ ክር መዘው ጨመሩበት።

ቅዳሜ ጠባቂው ፈትሉን ተቀብሎ ቆጠረ። ቀዩ ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «ይህስ?»

ዝም አሉ። ሰልፉ ሁሉ ዝም አለ።

«ጉልበቴ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ምነው ጋሼ! እኔ ዳገት ለዳገት ስልክዎት?»

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው የሚላኩት ሜዳ ሜዳውን ሆነ። የቀረው ቁና ግን ቀረ። ዳኛው ፍርዱን ዳግም እንዲያይ መልእክት መስደድ ይቻል ነበር፤ ለዚያ የተቆረጠው ቀን ሲያልፍ የነገራቸው አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ ለንደን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ይዤ ጆብ ሴንተር፣ ማለትም የሥራ ፈላጊዎች መሥሪያ ቤት፣ የሄድኩበት ጠዋት ነው። ሥራ ፍለጋቸውን የምትከታተለው ሠራተኛ፣ ወርክ ኮቿ፣ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» አለቻቸው። «ፋይን፣ ፋይን» አሉ። የወገብ መድኃኒታቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። እሷም «ፋይን» ብላ ጻፈች። እኛ ዘንድ «ደህና» ሰላምታ ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን መረጃ ሆኖ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለው የመንግሥት ድጎማ የሚሄደው እንደ ጎተራው ነው። ሥራ ፈላጊው መጀመሪያ የሚቀበለው የግዴታ ውል አለ። ሥራ ፍለጋው በሳምንት እስከ 35 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ ልጅ የሚያሳድግ ወይም የታመመ ሰው ግን እንዲቀነስለት መጠየቅ መብቱ ነው። «እሺ» ብሎ ተቀብሎ ኋላ ከማጉረምረም ያኔውኑ መናገር ይሻላል። ከወርክ ኮቿ ጋር ያለው የግምገማ ቀጠሮ ራሱ አጭር ነው፤ ጥያቄውም ያው የጠባቂው ጥያቄ ነው፦ የት አመለከቱ፣ ምን አሉዎት፣ ቀጥሎስ? ኮቿ ክፍያ የማገድ ሥልጣን የላትም። ጉዳዩን ወደ ሌላ ወሳኝ ሠራተኛ ትመራለች፤ እሱም እርስዎን ሳያይ ከጽሑፉ ይወስናል። ስለዚህ ያመለከቱበትን ቀን፣ የድርጅቱን ስም፣ የተሰጠዎትን መልስ በዕለቱ ኢንተርኔት ላይ ባለው ጆርናል ይጻፉት። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ በስልክም ሊሆን ይችላል። ሰው ይዞ መግባትም አይከለከልም።

ሥርዓቱ ደግ ነው እያልኩ አይደለም። የሰው ሳምንት በጥቂት ደቂቃ አይመዘንም፤ ለፍቶ መናገር ያቃተውን ከሰነፍ መለየትም አይችልበትም። ያለ በቂ ምክንያት ከቀጠሮ ቢቀሩ፣ ቅጣቱ ጆብ ሴንተሩን አግኝተው የታዘዙትን እስኪፈጽሙ ይቆይና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 7 ቀን ይጨመርበታል፤ በዓመት ውስጥ ሲደጋገም 14፣ ከዚያም 28 ይሆናል። ታመው ወይም ልጅ ታሞብዎት ከሆነ ቀጠሮው ሳያልፍ ጆርናሉ ላይ ይጻፉ፤ የሐኪም ወረቀት ካለ አይጣሉት።

የቅጣት ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይልዎት ለመጠየቅ የተሰጠዎት አንድ ወር ነው፤ እዚያ ካልተሳካም ከመሥሪያ ቤቱ ነፃ ለሆነ ችሎት ይግባኝ ማለት ይቻላል።